ዋንዳ ቀምሳ የፈረደችው

«ከካናዳ! ከካናዳ አልኩ'ኮ! ጆሮሽ ነው የደነቆረው ወይስ ሆን ብለሽ ነው፣ የኔ ማር? የሾርባው ሰልፍ ፈረንሳይ ድረስ ሲዘረጋ ያኔ እንዳታለቃቅሺብኝ!»

ጆሊን ናት እንዲህ የምትጮኸው። ስትናገር አንገቷን እንደ ዶሮ ወደፊት ወደኋላ ታደርጋለች። «የኔ ማር» የምትለው ደግሞ ሰው ልትነክስ ስትል ብቻ ነው። የምትጮኸው በዋንዳ ላይ ነው፣ በሟች ወንድሟ ሚስት። የቆምነው የምግብ ፌስቲቫል በሚደረግበት ፓርክ ውስጥ ሐይቁ ጋ፣ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ነው። በግራ ሜክሲኮ፣ በቀኝ ካናዳ። ሐይቁን የሚዞሩት የአገራቱ ድንኳኖች ናቸው፣ እያንዳንዱ የራሱን ምግብና መጠጥ በትንሽ በትንሹ ይሸጣል። ከየት እንጀምር በሚለው ጉዳይ የከተማችን የኪሲሚ ሰው ስንቴ ተኳርፎ በተለያየ መኪና ወደ ቤቱ ተመልሷል።

ሦስታችንም አንድ ዓይነት ብርቱካናማ ቲሸርት ለብሰናል። ያሳተመችው ጆሊን ናት። ደረታችን ላይ «መጀመሪያ እንብላ፣ ኋላ እንጣላ» ይላል። እኛ ግን ገና ሳንበላ ጀመርነው።

«ከሜክሲኮ» አለች ዋንዳ። ሌላ አልጨመረችም። ዋንዳ ስትደክም ቃል ትቆጥባለች፣ በዚያ ሰሞን ደግሞ ሁሌም ደክሟት ነበር።

ጆሊን አጉረመረመች፣ ግን ሄደች።

የመንደራችን ጋዜጣ በየወሩ የአንድ ጎረቤት ታሪክ ያወጣል። የዚህ ወር ተራ የዋንዳ ነው፣ ጻፊ የተባልኩትም እኔ ትሩዲ ነኝ። የተጎታች ቤቷ መስኮት ከኔ መስኮት ጋር ፊት ለፊት ነው። ሲያስነጥሳት «ይማርሽ» የምላት ከአልጋዬ ሳልነሳ ነው።

ዋንዳ ኦሃዮ ውስጥ ዕድሜ ልኳን የትምህርት ቤት አውቶብስ ነድታለች። ዛሬም ከኋላዋ ሰው ሲያወራ ሳትዞር «ተቀመጥ!» ትላለች። ጡረታ ሲወጡ ባሏ ቨርጂል ጸሐይ እንሙቅ ብሎ ወደ ፍሎሪዳ አመጣት። የፌስቲቫሉን ሕግ ያወጣውም እሱ ነው። ሁሉንም አገር መዞር፣ ከእያንዳንዱ አንድ ጉርሻ ወይም አንድ ጉንጭ መቅመስ፣ አንድም አለመዝለል። የዘለለ አልዞረም። ቨርጂል ራሱ ናፕኪን ቢሰጡት የሚበላ ሰው ስለነበር በየፌስቲቫሉ አንደኛውን የምትመርጠው ዋንዳ ሆነች። እሁድ መንደሩ ሁሉ በዋና ልብሱ መዋኛው ዳር ተሰብስቦ ፍርዷን ይጠብቃል። ከዚያ በሳምንቱ ሄዶ ያለችውን ይበላል። ዋንዳ ካለች አለቀ፣ ይግባኝ የለም።

ቨርጂል ሞተ፣ ሕጉ ግን ቀረ።

እሺ፣ ሜክሲኮ ገባን። አሠራራችን እንደ ሁሉም የሰፈሩ ሰው ነው። ጠረጴዛ ስለማይገኝ አንዷ የቆሻሻ መጣያ ክዳን ትይዛለች። ሌሎቻችን እንሰለፋለን፣ ሳህኖቹን ክዳኑ ላይ ደርድረን ቆመን እንበላለን። ከሌላ ከተማ የመጡ ያዩናል፣ ይጸየፉናል፣ እኩለ ቀን ላይ ግን እነሱም ክዳን ፍለጋ ሲንከራተቱ ታገኛቸዋለህ። ክዳን የምትይዘው ዋንዳ ናት። ሁለት ክርኗን ጭና፣ ጫማዋን በግማሽ አውልቃ።

የተፈጨ አቮካዶ በላን። ጆሊን «እህህም» አለች። ዋንዳ አየቻትና ከትንሽ ቆይታ በኋላ «ጥሩ ነው» አለች። ኖርዌይ ላይ ጆሊን «ይሄማ የሳሙና ጣዕም አለው» ስትል ዋንዳም «ሳሙና» አለች። ቻይና ላይ የዝንጅብል መጠጥ ስትጠጣ ግን ማንንም አልጠበቀችም። ዓይኗን ጨፍና ቆየች፣ ከዚያ የኔንም ኩባያ ወስዳ ጨለጠችው።

«አንቺ! የኔን እኮ ነው!»

«ለጤናሽ አይሆንም» አለችኝ።

ጀርመንን፣ ጣሊያንን፣ የራሳችንን አሜሪካን አለፍን። ሙቀቱ ከአስፋልቱ እየተነሳ በሱሪያችን ውስጥ ይገባል። ዋንዳ አንድ አግዳሚ ወንበር ባለፍን ቁጥር ዞር ብላ ታየዋለች።

ጃፓን ላይ ወረፋው የኔ ነበር። ትንሽ ሳህን ላይ ጥሬ ዓሣ፣ ጥጉ ላይ አንዲት አረንጓዴ ድብልብል። የሚሸጠው ልጅ «እመቤቴ፣ አረንጓዴዋን በጥቂቱ ነው፣ በጣም ትሰነፍጣለች» ብሎኛል። እኔም ልናገር አፌን ስከፍት ዋንዳ አረንጓዴዋን እንዳለች በሹካ አንስታ ዋጥ! የሜክሲኮው አቮካዶ መስሏት ነው።

ጆሊን ጮኸች። እኔ ውሃ ፍለጋ ስሮጥ የሰው ጋሪ ገለበጥኩ። ስመለስ ዋንዳ የቆሻሻ መጣያውን በሁለት እጇ እንደ አውቶብስ መሪ ጨብጣ ቆማለች። ፊቷ እንደ ቲማቲም፣ እንባዋ እስከ አገጯ፣ አፍንጫዋ... እሱን ልተወው።

«ይሄ ነው!» አለች። «የፌስቲቫሉ አንደኛ! አለቀ!»

«ምኑ?» አለች ጆሊን።

«ይሄ! ሌላ አለ?»

ጆሊን ክንዷን ይዛ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰደቻትና አስቀመጠቻት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ጆሊን የምታስፈራው ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ነው።

«አንቺ ሾርባሽ ውስጥ ቁንዶ በርበሬ ካየሽ በማንኪያ እያሳደድሽ የምታወጪ ሴት ነሽ። ምንድነው ጉዱ?»

«ጣፈጠኝ።»

«አልጣፈጠሽም። እያለቀስሽ ነው።»

«ተሰማኝ እኮ ነው የምልሽ!» አለች ዋንዳ። ከዚያ ጫማዋን ሙሉ በሙሉ አወለቀች። «ምንም አይሰማኝም፣ ጆሊን። ከክረምቱ ጉንፋን ወዲህ ሽታ የለ፣ ጣዕም የለ። ቡናው ሙቅ ውሃ ነው፣ ዳቦው ስፖንጅ ነው። ሐኪሙ ይመለሳል አለ፣ ይኸው አልተመለሰም። ይሄ ግን አቃጠለኝ። መቃጠል እንዲህ ደስ ይላል?»

ጆሊን ለአፍታ አሰበች። ስታስብ ከንፈሯን ታኝካለች።

«ቆይ። በጸደዩ ፌስቲቫል አንደኛ ያልሽው አናናስስ? መንደሩ በጸሐይ ተሰልፎ የበላው?»

«አንቺን አይቼ ነው።»

«እኔን?»

«ቅንድብሽን። መጥፎ ነገር ስትበዪ ትለፈልፊያለሽ። ጥሩ ሲሆን ዝም ትዪና የግራው ቅንድብሽ ይነሳል። አናናሱን ስትበዪ ፀጉርሽ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።»

ጆሊን እጇን ወደ ግንባሯ ሰደደች። ሴትዮዋ ቅንድብ የላትም እኮ! በየጠዋቱ በእርሳስ ነው የምትስለው። እኔ ሳቄን ለማፈን ወደ ዳክዬዎቹ ዞርኩ።

«ታዲያ አትነግሪንም? ስንት ወር ሙሉ እያስመሰልሽ?»

«ማን የማይቀምስ ቀማሽ በመኪና ጭኖ ያዞራል?» አለች ዋንዳ። ስትናገር እኛን አላየችም፣ እግሯን ነው ያየችው፣ ያበጠውን። «ቨርጂል ከሞተ ወዲህ ከቤት የምወጣው ለዚህ ነው። ብነግርሽ ‹አይዞሽ፣ አንቺ እረፊ› ትዪኝና ከቴሌቪዥኑ ጋር እቀራለሁ። ደግሞ ደክሞኛል። መብላቱ አይደለም፣ የበላሁ መምሰሉ ነው የሚያደክመው።»

ጆሊን ታቅፋታለች ብዬ ጠበቅኩ። አላቀፈቻትም። «ጫማሽን አድርጊ። ገና ሞሮኮ አለ» አለቻት።

ዞርን። በመጨረሻ ካናዳ ስንደርስ የሾርባው ሰልፍ እውነትም ፈረንሳይ ድረስ ነበር። ጆሊን «አላልኩም?» አላለችም። ይሄ ይጻፍልኝ፣ ዳግመኛ አይከሰትም። ተሰለፈች፣ አመጣች፣ አንድ ማንኪያ ቀመሰች። ከዚያ ፊቷን ወደ ዋንዳ አስጠግታ የግራ ቅንድቧን በጣቷ ወደ ላይ ገፋችው።

«ይኸው፣ ተነሳ። አየሽው?»

«አየሁት» አለች ዋንዳ።

እሁድ መዋኛው ዳር ሰው ሞልቷል። ዋንዳ በመታጠቢያ ካፖርቷ መጣችና ሳትቀመጥ «ምንም አልቀምስም» አለች። «ከክረምት ጀምሮ። አናናሱ የጆሊን ቅንድብ ፍርድ ነው። ማልቀስ የፈለገ ጃፓን ሄዶ አረንጓዴዋን ይብላ። ይኸው ነው።»

እኔ ሰው የሚቆጣ መስሎኝ መነጽሬን አደረግኩ፣ ማን ምን እንደሚል ደህና አድርጌ ላይ።

ክላረንስ፣ ያ ሁሌም ውሃው ውስጥ ከነባርኔጣው የሚቆም ሽማግሌ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም ሰው ሠራሽ ጥርስ ካስገባሁ ወዲህ ሁሉም ፕላስቲክ ፕላስቲክ ነው የሚለኝ» አለ። «አንቺ ጥሩ ነው ስላልሽ ነው ጣፈጠኝ የምለው።»

«አንተ ውሸታም! አናናሱን ሁለት ሳህን በላሁ አላልከኝም?» አለች ጆሊን።

«ምን ላድርግ፣ ዋንዳ ብላለች!»

መዋኛው ውሃው እስኪፈስ ተሳቀ። ዋንዳም ትንሽ ሳቀች፣ ከዚያ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። የተሸከመችውን አውርዳ መልሳ ማንሳት እንዳቃታት ሰው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ይሄን የምጽፈው እሷ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። ዋንዳ እግሯን በረዶ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ከአጠገቤ አለች። ውጭ ጆሊን ጡሩምባዋን ታንባርቃለች።

«ውጪ እንጂ፣ የኔ ማር! ክላረንስንም ጭኜዋለሁ! ያንን አረንጓዴ ነገር ካልበላሁ ብሏል፣ ብቻውን ይሙትልሽ?»

«ተኝታለች በያት» ትለኛለች ዋንዳ።

«አየሁሽ!» ትላለች ጆሊን።

ዋንዳ ዓይኗን ጨፈነች። «አየሽ፣ ትሩዲ? ይተዉኛል ብዬ ስፈራ የነበርኩት እኔ ነኝ። አሁን ያለ ምላስም አይለቁኝም።» እግሯን ከውሃው አወጣች፣ አንዱን፣ ከብዙ ትንፋሽ በኋላ ሌላውን። «ፎጣውን ስጪኝ። ደሞ ይበቃሻል፣ መጻፉን አቁሚ።»