አልቃሻዋና ቀዩ ጭረት

ከሌላ መኪና ሥር በጀርባው ተኝቶ ሳለ የጭነት መኪናዋን ድምፅ ሰማ። ከኋላ ጎማዎቿ መሐል የሚመጣ ቀጭን ለቅሶ ነው፤ ስትፈጥን ይከራል፣ ስትቀዘቅዝ ይሰልላል። ሰፈሩ በሙሉ «አልቃሻዋ» ይላታል። መፍቻውን ደረቱ ላይ አስቀመጠና «ጋሼ መጣ» ብሎ አሰበ። ከዚያ ትዝ አለው። ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሙ፣ ከሞተ ሁለት ወር አልፎታል።

ይህ መካኒክ ትንሹ ነው የሚባለው። ጢሙ ሸብቶም ስሙ አላደገም።

የጭነት መኪናዋን እየነዳ የመጣው አዲሱ ገዢ ነበር። አጠገቡ ሻጯ፣ የወንድሙ ሚስት፣ ጥቁር ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አጥብቃ ተቀምጣለች።

«እኔ የማሠራት ከመንገድ ውጪ ነው፤ ጭቃና ድንጋይ ላይ» አለ ገዢው። «የኋላውን ዲፈረንሻል አውርደህ እንደ አዲስ ሥራልኝ። አንዱ ጎማ ጭቃ ውስጥ ሲዞር ሌላው ቆሞ እንዳያየው፣ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስር ሎክ ግጠምላት። ለቅሶዋንም አስተዋት።»

«ወዳንተ አምጣት ያልኩት እኔ ነኝ» አለች የወንድሙ ሚስት፣ ፊቱን ሳታይ። «ሌላ ሰው እንዲነካት አልፈልግም።»

«እሺ እትዬ» አለ። ከዚህ በላይ አልወጣውም። ድሮም አንደበቱ እንደ ዛገ ቡሎን ነው፤ ካልመቱት አይላቀቅም።

«ሌላ ሰው» ያለችው ግን ወጋው። ከሁለት ዓመት በፊት ከወንድሙ ጋር የተጣሉት በዚሁ ነበር። ያንን ዲፈረንሻል፣ የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን የጥርስ ቤት፣ ትንሹ ራሱ ፈትቶ፣ ራሱ ገጥሞ አስረከበ። ወር ሳይሞላ መኪናዋ ማልቀስ ጀመረች። በዚያው ሰሞን ጎረቤቱ በያጅ፣ ማዶ ካለው ጋራዥ በር ላይ ቆማ እንዳያት ነገረው። በነጋታው ወንድሙ ሲመጣ ትንሹ ፊቱን አጥቁሮ ጠበቀው።

«ሌላ ሰው ከፍቶታል፣ ጋሼ።»

«ማንም አልነካውም። እዚያ የገባሁት የፊት መብራቷ ተሰብሮብኝ ነው። ጎንበስ ብለህ እየው እንጂ።»

«አላይም። የከፈተው ይዝጋው።»

ጋሼ ትንሽ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። በዚያው ተቀያይመው ቀሩ።

ጎንበስ ማለት ብቻ ነበር እኮ። ትንሹ ፊደል አይሆንለትም፤ ለመፈረም እንኳ ላብ ያጠምቀዋል። ለብረት ግን የራሱ ጽሕፈት አለው። ዲፈረንሻሉን ዘግቶ ሲጨርስ፣ ከያንዳንዱ ቡሎን ራስ እስከ ማቀፊያው ድረስ በሚስቱ የጥፍር ቀለም ቀይ ጭረት ያሰምራል። ቡሎኑን የነካ ሰው ጭረቱን ይሰብራል። በያጁ ይህን ባየ ቁጥር «ሚስትህን ትተህ የመኪና ጥፍር ትቀባለህ?» እያለ ይስቅበታል።

መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ ከሥሯ ግንድ አስገባ። ጎማዎቹን አወረደ። ዘይቱን ሲያፈሰው ጥቁር ሆኖ፣ የብረት ብናኝ እያብለጨለጨበት ወረደ። ወደ ጎማዎቹ የሚዘልቁትን ሁለቱን ዘንጎች ስቦ ግድግዳው ላይ አስደገፋቸው። ከዚያ ብሩሽ ናፍታ ውስጥ ነክሮ ከሥሯ ገባና የሁለት ዓመት ጭቃ ይፍቅ ጀመር።

አንድ ቀይ ታየ። ሳይሰበር። ሁለተኛው። ሦስተኛው።

ብሩሹ እየከበደው ሄደ። አንድ የተሰበረ ጭረት ባገኝ ብሎ ለመነ። ለወንድሙ ክፉ ተመኝቶ አይደለም፤ የሚይዘው ነገር አጥቶ ነው። ቡሎኖቹ አሥራ ሁለት ናቸው። አሥራ ሁለተኛው ላይ ጭረቱ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ያኔ ከቀለሙ ብሩሽ ያመለጠችው ጠብታ እንኳ አለች።

«ምነው ዝም አልክ፣ እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?» አለ በያጁ ከበሩ።

«ማንም አልከፈተውም።»

«ምኑን?»

«ምንም።»

ሲከፍተው ጥፋቱ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር። ዲፈረንሻሉ የሚሽከረከርባቸውን ኩሽኔታዎች ግራና ቀኝ ሆነው የሚይዙ ሁለት ክዳኖች አሉ፤ ከተለዋወጡ አይስማሙም። ለዚህ ሲል በግራው አንድ፣ በቀኙ ሁለት ነጥብ በሹል ብረት ይመታል። መቀመጫቸው ላይ ግን መትቶ አያውቅም፤ ግራ የትኛው እንደሆነ እጄ ያውቃል ባይ ነው። ያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ አዙሮት ኖሮ ግራው ቀኝ ሆኖበታል። ይኸው፣ በግራ ሁለት ነጥብ፣ በቀኝ አንድ ነጥብ። ኩሽኔታዎቹ ተልጠዋል፤ የጥርሶቹ ጠርዝ ተበልቷል።

በሦስተኛው ቀን የወንድሙ ሚስት የጋሼን ብርድ ልብስና ኩባያ ከጋቢናው ልትወስድ መጣች። ትንሹ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ፣ ደግሞ ሲጠርግ ቆየ።

«እትዬ፣ በዚህ ዓይነት እንዴት ነዳት?»

«ግማሽ እየጫነ፣ ቀስ እያለ። ሾፌሮቹ ‹ቀብር ነው የምትሸኘው?› ይሉት ነበር።»

«ለምን ሌላ ጋራዥ አላሳያትም?»

«ስንቴ አልኩት። ‹የዘጋው ትንሹ ነው፣ የሚከፍተውም እሱ ነው› ይለኛል።» ብርድ ልብሱን ታጥፍ ጀመር። «ሐሙስ ሐሙስ በዚህ በር ሲያልፍ አልሰማኸውም?»

ሰምቶታል። ሁሌም በሩ ጋ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ለቅሶው ይሰልላል፤ ከዚያ ይከርና ይርቃል።

«ሊያናድደኝ መስሎኝ ነበር» አለ። ከዚያ ጨርቁን ጣለው። «እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሁለቱን ክዳን አለዋውጬ ገጥሜ ነው። ጋሼ አልዋሸም።»

እጥፉን አልጨረሰችም።

«እንዳልዋሸማ እሱም ያውቅ ነበር» አለች። «ብትጠራው ይበቃው ነበር።»

አዲስ ኩሽኔታ፣ አዲስ ጥርስ ገጠመ። ሎኩን አስገባ። ክዳኖቹን ወደየቦታቸው መለሰ፤ አሁን መቀመጫቸው ላይም ነጥብ መታ። አሥራ ሁለቱን ቡሎኖች አጥብቆ የጥፍር ቀለሙን ከኪሱ አወጣ። የጠርሙሱን ክዳን ሊያዞር ሲል ተወው። «የፈለገ ይክፈተው» አለና መልሶ ከተተው።

ገዢው አንድ የኋላ ጎማዋን አፈር ክምር ላይ አውጥቶ ሎኩን ሞከረው። ሁለቱም ጎማዎች እኩል ዞሩ። ተደስቶ፣ ሊረከብ ሲመጣ አብራው የመጣችውን የወንድሙን ሚስት ተሰናበተና መንገድ ገባ። መኪናዋ ፈጠነች። ምንም አልጮኸችም።

የወንድሙ ሚስት ጆሮዋን ሰጥታ ቆየች።

«እንግዲህ ከሌላው መኪና በምን እለያታለሁ» አለች።

ትንሹ ኪሱ ውስጥ ቀለሙን ጨብጦ፣ መኪናዋ እስክትታጠፍ ድረስ እያያት ቆመ።