ጭብጨባ የበላው ፒያኖ

ያን ጊዜ አሶሳ ገበያ ጨው፣ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ እነግድ ነበር። ሙዚቃ አላውቅም፤ ቴፕ ግን ነበረኝ፤ ከኩርሙክ ያስመጣሁት። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ካድሬው «ለአብዮቱ» ይዋሰውና ድንጋዩን ጨርሶ ይመልስልኛል።

ከሱቄ ፊት ለፊት በርበሬ የሚሸጡ፣ ከባምባሲ የመጡ ባልቴት ነበሩ። ልጃቸው ሚሲዮን ቤት ፒያኖ እየመታች አድጋ፣ አዲስ አበባ ተምራ፣ መንግሥት ወደ አንዱ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ልኳት ነበር። እዚያ በዓለም አቀፍ ውድድር ላይ ቀረበችና የተጫወተችው በካሴት ተቀድቶ ለእናቷ ተላከ። ፖስታውን የከፈተው ግን ካድሬው ነው።

«ጓድ ጌታዬ፣ አንዴ ብቻ፣ ለብቻዬ ያሰሙኝ» አሉት።

«የሕዝብ ልጅ ናት። ከሕዝብ ጋር ትሰሚያለሽ።»

ሕዝብ ማለቱ ከወሎ ተጭነው የመጡትን ሰፋሪዎች ነው። ከእርሻ እንደተመለሱ፣ እግራቸው ላይ ያለው ጭቃ ሳይደርቅ፣ ቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ታጎሩ። እናትየዋ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ፊት ተቀመጡ። ካድሬው ግራ እጁን አንሥቶ መፈክር ካስባለን በኋላ ከካሴቱ ጋር የመጣችውን ወረቀት ገለጠ። «ሮማንቲክ» ትላለች። ቃሉ እንዳልጣመው ፊቱ ያሳብቃል። «ይኸ የአውሮፓ ጭቁኖች ብሶት ነው» ብሎ ገላገለን።

ቴፑን ከፈትሁት። ልጅቱ ጣቷ ይሮጣል፣ ይሮጣል፣ ከዚያ ትንፋሽ እንደመውሰድ ብላ ዝም አለች።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ሰዎቹ ምን ያድርጉ? ስብሰባ ላይ ተናጋሪው ዝም ካለ ይጨበጨባል። ያላጨበጨበ ይታያል፤ ቀድሞ ያቆመ ደግሞ ይበልጥ ይታያል። ስለዚህ ማንም አያቆምም። እኛ እስኪደክመን ሙዚቃው ሌላ አገር ደርሷል። ያ ዜማ ደግሞ ማቃሰትና ዝም ማለት ያበዛል። ዝም ባለች ቁጥር ጭብጨባ።

አጠገቤ ያለ ሰፋሪ ሽማግሌ መዳፉን እያሻሸ፣ «ይችስ ከጓድ ትብሳለች፤ እሳቸው እንኳ እንዲህ ቶሎ ቶሎ አያስጨበጭቡንም» አለኝ።

እናትየዋ ብቻ አላጨበጨቡም። ጆሯቸውን ወደ ቴፑ አስጠግተው፣ «ዝም በሉ! ልጄን ልስማ! ኢንተላ ኮ!» ይላሉ፤ በኦሮምኛም «ልጄን» ማለታቸው ነው። ማን ሰምቷቸው። ካድሬው ደስታ ያሰከራቸው መሰለው መሰለኝ፣ «እናት ዓለም፣ ስሜትሽን ግለጪ እንጂ!» ብሎ ሁለት እጃቸውን ያዘና እያጋጨ አጨበጨበባቸው። በገዛ እጃቸው። በዚያ አገር ብዙ የሚያስጠላ ነገር አይቻለሁ፤ እስካሁን ከዓይኔ ያልጠፋው ግን ያ ነው።

ካሴቱንም ይዞት ሄደ። ባልቴቷ ቢሮው ደጃፍ ሲመላለሱ ከርመው፣ እንዴት እንዳስመለሱት ባላውቅም፣ አንድ ቀን ካሴቱን ከበርበሬው ከረጢት አውጥተው ሰጡኝ። ቴፑ ውስጥ ከተትሁት። የወጣው የካድሬው ድምፅ ነው፤ ስለ ምርት ዕድገት። ባዶ ካሴት ሲያጣ ንግግሩን በልጅቱ ላይ ቀድቶበታል።

ልዘጋው ስል እጄን ያዙኝ። «ተው፣ ከሱ ኋላ ትመጣ ይሆናል።»

ጠበቅን። ንግግሩ አልቆ ቀጭ አለና ልጅቱ መጣች፤ ማብቂያዋ ብቻ ነው የተረፈው፣ አንድ ትንፋሽ የማይሞላ። ወዲያው ልጅቱ የተወዳደረችበት አገር አዳራሽ ጭብጨባ ተከተለ።

«እነሱም ካድሬ አላቸው?» አሉኝ።

«እንጃ፣ እማማ።»

«መልሰው። ጭብጨባው ሳይደርስ ዝጋልኝ።»

መለስሁ፣ ዘጋሁ፣ መለስሁ። ድንጋዩ እስኪያልቅ።