ስልካችንን ለሁዳዴ የሚያዘጋጁልን የኔታ ፈንቴ

እስካሁን አላመንኩም። ግን አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገራችሁ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ይሻላል።

ዛሬ ጠዋት በማኅበራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የኔታ ፈንቴ ማረፋቸውን ልጃቸው ጽፋ ነበር። በየጠዋቱ ኪኒናችንን ስንውጥ እዚያው ለየኔታ የምናሳውቅ ነንና፣ እኔ እንደ ልማዴ ሳላነብ፣ የግፊት ኪኒኔን ጎርሼ፣ ከመርዶው ሥር «ዋጥኩ የኔታ» ብዬ ላክሁ። ጡንቻ የምታሳየዋን ምስል ጭምር።

አንብቤ ክው ስል፣ ላጠፋው ስል፣ ከዳባት አንዲት እናት በድምፅ «ዋጥኩ» ብለው ላኩ። ቀጥሎ ከዛሪማ አቶ ገብሬ መጡ። የእሳቸው መልእክት ውስጥ መቼም የጭነት መኪና ጡሩምባ አይጠፋም፤ ዛሬም ነበረ። «ዋጥኩ የኔታ» አሉ። ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ። የእኔንም ሳላጠፋው ተውኩት።

ለማታውቋቸው፣ የኔታ የደረስጌ ሰው ናቸው፤ ደባርቅ ላይ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ስኳርም ግፊትም ነበረባቸው። ሆስፒታል የምትከታተላቸው ሲስተር ስልካቸው ላይ የመድኃኒት ሰዓት የሚያስታውስ አፕ ጫነችላቸው። ጥሪውን «የፍየል ቃጭል» ብለው ናቁት፤ በራሳቸው ድምፅ ቀድተው ተኩት። «ፈንቴ፣ ዋጥና ቁም» ይላል። መቆሙ ለቅዳሴ ነው።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ ሁዳዴ ላይ፣ ስልኩ ጉድ ሠራቸው። አፑ የስኳሩን ኪኒን «ከቁርስ ጋር» ብሎ ጠዋት ይጠራል። የኔታ ታዛዥ ናቸው፤ ዋጡ። ቁርሱ ግን በሁዳዴ ከቅዳሴ በኋላ፣ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ባዶ ሆዳቸውን መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ሳለ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ሰው መጀመሪያ ጠበል ረጫቸው። ሕመማቸውን የምታውቅ አንዲት ሴት ናት ስኳር በውሃ በጥብጣ ያጠጣቻቸው። ዓይናቸውን ሲገልጡ የጠየቁት ቅዳሴው አልቆ እንደሆነ ነበር።

ሲስተር ተቆጣች። ወይ ይብሉ፣ ወይ ሰዓቱን ተነጋግረን እናዛውር አለቻቸው። የነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄዱ። እዚህ ላይ የምታውቁ ትስቃላችሁ፤ የነፍስ አባታቸው የራሳቸው ተማሪ የነበሩ፣ በእሳቸው አለንጋ ያደጉ ቄስ ናቸው። የኔታ ጎንበስ ብለው «አባቴ፣ ስልኩ ጾም አያውቅም፤ እርስዎ ያውቃሉ፤ ይፍቱኝ» አሏቸው። ቄሱ መሬት ቢውጣቸው በወደዱ። በመጨረሻ እንዲህ ተወሰነ፦ ሲስተር ይዛወር ያለችው ኪኒን ወደሚበላበት ሰዓት ይዛወራል፤ አይነካም ያለችው አይነካም፤ የማይነካው ኪኒን ባለቤትም በኪኒኑ ሰዓት ይበላል፣ ቄሱም ይፈቱታል።

ከዚያ ወዲህ ቅበላ በመጣ ቁጥር የማኅበሩ በሽተኛ ሁሉ ስልኩን ይዞ የኔታ ቤት ይሰበሰብ ጀመር። ሲስተር የእያንዳንዱን መድኃኒት እያየች ትናገራለች፤ የኔታ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ስልኩን ይነካካሉ። ለፋሲካ ደግሞ ይመልሱታል። ለዶሮው ብቻ የሚመጣም ነበር፤ ስም አልጠራም። «አንተ የሚዛወር ኪኒን የለህም፤ ወንበሩን ልቀቅ» ይሉታል፤ ግን አብልተው ነው የሚሰዱት።

ዛሬ ለቅሶው ላይ አንዱ፣ ያ ሁሉ ስልክ ምን ፈየደላቸው ሲል ሰማሁ። ሞት በአፕ አይመለስም፣ ወንድሜ። ግን ያኔ ቅዳሴ ላይ ከወደቁ በኋላ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና አይተዋል፤ ያስተማሯቸው ልጆች ድቁና ሲቀበሉ ቆመው አይተዋል። ሲስተርም የገደላቸው ልባቸው እንጂ ስኳሩ አይደለም ብላኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ባለቤታቸው እትየ ታንጉትም የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ፊደል አልቆጠሩም፤ የእሳቸውም ስልክ የሚጠራው በየኔታ ድምፅ ነው። ለቀስተኛው ተሰብስቦ፣ እትየ ታንጉት ደረታቸውን እየደቁ ሳለ፣ ከመቀነታቸው ውስጥ ስልኩ ተናገረ።

«ታንጉት፣ ዋጪና ቁሚ።»

አንዷ ስልኩን ልታጠፋ እጇን ስትዘረጋ እትየ ታንጉት ገፋ አደረጓት። ውሃ አምጡልኝ አሉ። ዋጡ። ከዚያም ባላቸውን ሊሸኙ ተነሥተው ቆሙ።

ከቀብር ስንመለስ ክንዴን ያዙኝ። «ሁዳዴ እየመጣ ነው» አሉኝ። «ሰዓቱን ማን ያዛውርልኛል? ሰው የነካው እንደሆን ድምፃቸው ይጠፋብኛል። ድምፃቸው ከሚጠፋ እንዳለ ይተውና እኔው እንደ ፍጥርጥሬ ልሁን።»

የፈራሁት ይኼንን ነው። ካልተነካ፣ ስልኩ ሁዳዴን በሙሉ በማይሆን ሰዓት ይጠራቸዋል፤ እሳቸውም የኔታ ነው ያዘዘኝ ብለው ይታዘዛሉ። አውቃቸዋለሁ። አፍ አይከለከልም፤ እኔ አዛውራለሁ አልኩ። ባለፈው ቅበላ የኔታ ትከሻ ላይ ተንጠልጥዬ ሲሠሩ አይቻለሁ። ማየትና መንካት አንድ አይደለም፤ ያም ሆኖ ቃሌ ወጥቷል። መጀመሪያ ድምፃቸውን ሌላ ስልክ ላይ ገልብጬ አስቀምጣለሁ።

የኔታ፣ ዘንድሮ ቅበላን ቤትዎ እንሰበሰባለን። ሲስተር እመጣለሁ ብላለች። ወንበርዎ ላይ አልቀመጥም፤ ከአጠገቡ በርጩማ አለ። የሁዳዴ መጀመሪያ ሰኞ፣ እትየ ታንጉት በአዲሱ ሰዓት በእርስዎ ድምፅ ተጠርተው ሲውጡ፣ እዚያው ዛሬ ጠዋት ራሴን ባሳፈርኩበት ግሩፕ ላይ እጽፍልዎታለሁ። ድምፅዎን ካጠፋሁትም አልደብቅም፤ መቃብርዎ ድረስ መጥቼ እናገራለሁ።

እስከዚያ አረፍ ይበሉ፣ የኔታ። ሲቆሙ ኖረዋል።