የጋቢና ሰው የሌለው ውድድር

እዚህ ጁባ፣ ንያኩሮን ሰፈር ውስጥ የመኪና ጌም ከሚጫወቱት ሁሉ በዕድሜ ትልቁ እኔ ሳልሆን አልቀርም። የምጫወተው ከአንድ ሀበሻ ነጋዴ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል ነው። ሰውዬው ፊት ለፊት ሳሙናና ስኳር በጅምላ ይሸጣል፤ ከኋላ ሦስት ቴሌቪዥን፣ የተቀዳደዱ ወንበሮችና አንድ የፕላስቲክ መሪ አስቀምጧል። ሁላችንም ሐጂ እንለዋለን። መካ ሄዶ አያውቅም፣ ጢሙን አይተው ነው ስሙን ያወጡለት። ጎረምሶቹ ኳስ ይጫወታሉ፣ ይጮሃሉ። እኔ መሪው ጋ ነኝ።

«ቀኑን ሙሉ ስትነዳ ውለህ ደግሞ እዚህ መጥተህ ትነዳለህ?» ይለኛል ሐጂ። «ዓሣ ከወንዝ ወጥቶ ሻወር ይገባል?»

«አንተስ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ስትቆጥር ውለህ ማታ ሙስበሃ ትቆጥር የለ?» እለዋለሁ።

ስለ እነዚህ ጌሞች የማስበውን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ፊደል የቆጠርኩትም ጢሜ መሸበት ከጀመረ በኋላ ስለሆነ፣ ሐሳብ ቢኖረኝ እንኳ የት አስቀምጠዋለሁ ብዬ ነው የኖርኩት። አሁን መጻፍ እችላለሁ። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ክብ መንገድ ላይ የሚሽከረከሩትን አልወዳቸውም። ከተነሳህበት ቦታ ለመመለስ እንደዚያ መክነፍ ምን ይባላል? መኪና ወደ አንድ ቦታ ለመሄድ ነው የተሠራው። ሌላው ደግሞ ከተማ ውስጥ ሰው እየገጩ የሚያመልጡበት ነው። ጎረምሶቹ እሱን ሲከፍቱ ወጥቼ ሱቁ በር ላይ እቆማለሁ። መኪና ሰው ሲነካ የሚሰማውን ድምፅ የሰማ ሰው ያንን ጌም አልሠራውም።

የጭነት መኪና ጌም ሲመጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለት ቀን አልቆየም ደስታው። ብረት ጭነሃል ይልሃል፣ ፍሬን ስትይዝ ግን ባዶ ጋሪ ነው። ጭነት እኮ ይገፋል። ቁልቁለት ላይ ጭነት ከኋላህ የተቀመጠ ጠላት ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው አላማከሩም። ገመድ ዘርግቶ ወረቀት አምጣ የሚልህ ኬላ የለም። ቦዳ የለም፤ ቦዳ የምንለው ሰው የሚጭነውን ሞተር ሳይክል ነው፣ ጁባ ላይ ከመሬት ይበቅላል። ፍየል እንኳ የለም። ፍየል የሌለበት መንገድ ላይ ማን መንዳት ያቅተዋል?

አንድ ነገር አደንቃለሁ፤ በረዶ ያለበትን መንገድ። በረዶ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ግን በዝናብ ጊዜ የሎሎጎ ሰፈር ቀይ ጭቃ መኪናን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፣ በረዶውን የሠራው ሰውም ሳይነግሩት አውቆታል። ፍሬን ከነካህ አለቀልህ። መሪውን መኪናው ወደሚንሸራተትበት ትሰጠዋለህ፣ ከዚያ ትጠብቃለህ። እዚያ ላይ እጁን እስመዋለሁ።

ከሁሉ የከፋው ውሸታቸው ግን ጋቢናው ባዶ መሆኑ ነው።

ጁባን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እዚህ የምንነዳው መንገዱን በቀኝ ይዘን ነው፣ እንደ አገራችን። መኪናው ግን አብዛኛው ከዩጋንዳ በኩል ስለሚመጣ መሪው በቀኝ ነው። እንዲህ ስትነዳ ከፊትህ ያለው የጭነት መኪና እንደ ግድግዳ ይሆንብሃል። ደርበህ ልለፍ ብትል ከወዲያ የሚመጣውን የሚያየው አንተ አይደለህም፣ በግራህ ጋቢና የተቀመጠው ሰው ነው። ሂድ ካለህ ትሄዳለህ። ቆይ ካለህ ትቆያለህ። ሰው ከሌለህ ወይ አፍንጫህን አውጥተህ ዕድልህን ትሞክራለህ፣ ወይ የሰው ጭስ እየበላህ ትከተላለህ።

የእኔ የጋቢና ሰው ሚስቴ ነበረች። ከነጭ ዓባይ ወደብ፣ በጀልባ የመጣ ሽንኩርትና ማሽላ ጭነን ለሱቆች እናደርስ ነበር። እኔ እነዳለሁ፣ እሷ ከነጋዴው ጋር ትከራከራለች። አረብኛውን ከእኔ አስቀድማ ነው የያዘችው። መንገድ ላይ አፏ አያርፍም። «ሂድ፣ ሰውዬው ራሱ ፈርቶሃል።» «ቆይ፣ ውሃ ቦቴ ነው፣ ሹፌሩ እንቅልፍ ይዞታል መሰለኝ።» «አሁን ሂድ፣ ቶሎ በል፣ ምን ታንቀላፋለህ።» ከዚያ ወሬው ይቀጥላል፤ ስለ ባለሱቁ ስስት፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኗ፣ ስለ ፓስተሩ ጫማ። ፊደልም ያስተማረችኝ እዚያው ነው። ወደቡ ላይ ተራ ስንጠብቅ መጽሐፍ ቅዱሷን ጭኗ ላይ ትዘረጋና በጣቷ ታሳየኛለች። ስሳሳት ጉልበቴን በጥፊ ትለኛለች።

ቤት ስንገባ ዝም ነን። እኔ የቤት ወሬ አላውቅበትም፤ አባቴም አያውቅበትም ነበር። ትዳራችን ያለው መኪና ውስጥ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ መሪው በግራ የሆነ ፒካፕ አገኘን። ከሁለታችን ይበልጥ የተደሰተችው እሷ ናት፤ ኮፈኑ ላይ እጇን ጭና ጸልያለታለች። እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። የሚመጣውን ሁሉ ራሴ አየዋለሁ፣ ማንንም አልጠይቅም። እሷ በቀኜ ተቀመጠች። ከዚያ በኩል የሚታየው ቦይና የመንገድ ዳር ቆሻሻ ነው። የምትለኝ ነገር አልነበራትም። ጥቂት ጊዜ እያንቀላፋች አብራኝ ዞረች፣ ከዚያ «እኔ ሱቅ ብውል ይሻላል» አለች። እንዳለችውም ጭነት ከምናደርስላቸው ሱቆች በአንዱ እየሸጠች መዋል ጀመረች።

ሐጂ ጋ መሄድ የጀመርኩት ያኔ ነው። የራሊ ጌም የሚሉትንም ያገኘሁት ያኔ ነው። እዚያ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠ ሰው አለ፣ የሚመጣውን ኩርባ አስቀድሞ ይናገራል። እንግሊዝኛው በደንብ አይገባኝም። ግራና ቀኙን አውቃለሁ፣ ቁጥሩንም ለምጄዋለሁ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኩርባው የከፋ ነው። ዓይኔ ከሚያየው በፊት ሰውዬው ይነግረኛል፣ እኔም አምኜው እገባለሁ። ሐቀኛ ጌም ይሄ ብቻ ነው ብዬ ጎረምሶቹን ሰበክኋቸው።

«ጋሼ ሬዲዮ እየሰማ ነው የሚነዳው» ይላል አንዱ። የዚህ አገር ልጅ ነው፣ አዲስ አበባ ነው ያደገው፣ አማርኛው ከእኔ ይበልጣል። «ዜናው ሲያልቅ ገደል ይገባል።»

እነሱ ይስቃሉ። እኔ ግን ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር።

ሐጂ መሪዋ በቀኝ የሆነች አሮጌ የጭነት መኪና አለችው። በፒካፔ ለውጠኝ አልኩት። ሚዛኑን ትቶ አየኝ።

«ሰው በአህያ ፈረስ ይለውጣል እንጂ በፈረስ አህያ ይለውጣል?»

«አንተ ምን ቸገረህ?»

«ምንም አልቸገረኝም፣ ወላሂ። ደስ ስላለኝ ነው የፈራሁት። ሞተሩ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነም።»

«እንግዲያው አንተ ሆነሃል» አለና ሰኞ ቁልፍ እንድንለዋወጥ ተስማማን።

ምክንያቱን አልነገርኩትም። ሚስቴ ጋቢና እንድትመለስልኝ ነው ብዬ ለእሱ እንዴት እነግረዋለሁ? ለእሷም አልነገርኳትም። መሪው በቀኝ ከሆነ እሷ ሳታይልኝ መንዳት አልችልም፤ ራሷ ትመጣለች፣ ስትመጣ ደግሞ ታወራለች ብዬ ነበር።

እሑድ ከሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ልትወስደኝ ሐጂ ጋ መጣች። ነጭ ነጠላዋን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆመች፣ ጠረኑን አልወደደችውም።

«ግቢ እህቴ» አላት ሐጂ። «እባክሽ ይዘሽልን ሂጂ፣ መሪውን ፈጅቶ ጨረሰው።»

«እኔን ምን ትለኛለህ፣ ገንዘብ የምትቀበለው አንተ» አለችው።

በግራዬ ያለውን ወንበር ጎትቼ ተቀመጪ አልኳት። ከተማ ለከተማ የሚነዳበትን ጌም ከፈትኩ፣ መሪው በቀኝ የሆነ መኪና መረጥኩ፣ ከውስጥ እንዲታይ አደረግኩት። ከፊቴ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና አለ።

«ምን ላድርግ?» አለች።

«እንደ ድሮው ሂድ፣ ቆይ በይኝ።»

ሳቀች። «አንተ የማታየውን እኔ ከየት አመጣዋለሁ? የምናየው አንድ ቴሌቪዥን አይደል እንዴ?»

«እትዬ ልክ ናቸው» አለ ያ ጎረምሳ።

«አንተ ዝም በል። በይኝ ዝም ብለሽ፣ ለጨዋታ ነው።»

የጭነት መኪናውን ተከተልኩ። እሷ ነጠላዋን ሰብስባ ወንበሩን ያዘች። ትንሽ ሄድን። ከዚያ «ሂድ» አለች። ያችው ድምፅ ናት፤ ቆርጣ የምትጥላት፣ ከዚያ በኋላ ጥያቄ የማትቀበል። ከወዲያ መብራት ይመጣ ነበር። እያየሁት ነበር፣ እግዜር ያውቃል። እጄ ግን መሪውን አዞረው። ፊት ለፊት ገጠምን። ጌሙ ውስጥ የመኪናው መስታወት ተሰነጠቀ፣ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«ለምን ሂድ አልሽኝ?» ብዬ ዞር አልኩ።

ዓይኗን ጨፍናለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጣቶቿ ወንበሩን ጨምቀው ነጥተዋል።

«እንሂድ» አለች ሳትገልጠው።

ፒካፑ ውስጥ ገብተን ጉዞ ጀመርን። መናገር የጀመረችው እሷ ናት።

«ድሮም እንደዚያ ነበርኩ።»

«እንዴት?»

«በመጀመሪያ እያየሁ ነበር የምነግርህ። ወደቡ መንገድ ላይ ሂድ ብዬህ ያ ቦቴ የመጣ ቀን ትዝ ይልሃል?»

እንዴት አይታወሰኝም። ለሰው ሁሉ የማወራው ወሬ ነው። በአንድ ጣት አልፈነው፣ ጭኔን በደስታ እየመታሁ ጎበዝ ብያታለሁ።

«አንተ ሳቅህ» አለች። «እኔ ከዚያ ቀን ወዲያ የሚመጣ መኪና ማየት አቃተኝ። ዓይኔ ራሱ ይከደናል። በኢየሱስ ስም እልና ሂድ እልሃለሁ።»

«ሳታይ?»

«አንዳንዴ።»

«ብንሞትስ?»

«እሱን እኮ ነው የምልህ።»

መኪናውን ዳር አስያዝኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ስንት ጊዜ በዚያች ቃል ከእነ ጭነቴ ወጥቻለሁ።

«ቆይ ማለት አልነበረብሽም?»

«እላለሁ። ሦስቴ ቆይ ካልኩህ ሽንኩርቱ ሊበሰብስ ነው ትላለህ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ማን ሊያይልህ? ሌላ ሰው ነበረህ?»

ቦዳዎቹ በጎናችን እያጓሩ ያልፋሉ።

«ያን ሁሉ ወሬስ?» አልኳት። «ስታወሪልኝ፣ ስትስቂ የነበረው?»

«ዝም ካልኩ ፍርሃቱ ይይዘኛል። ስለዚህ አወራለሁ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ይሄ ፒካፕ ሲመጣ ጌታን ያመሰገንኩት መልኩ አምሮኝ መሰለህ? እንቅልፍ የተኛሁት ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ዓይኔን ስከድን መብራት ነበር የሚመጣብኝ።»

ሞተሩን አስነሳሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ። እኔ ደግ ጊዜ እያልኩ ስናፍቀው የኖርኩት፣ በአጠገቤ የተቀመጠች ሴት ጥርሷን ነክሳ ያሳለፈችው ነው። ያ ሁሉ ጨዋታ፣ የፓስተሩ ጫማ እንኳ ሳይቀር፣ ፍርሃት ነበር። እኔ ደግሞ ፊቷን አላየሁትም፤ መንገዱን ነው የማየው፣ መንገዱንም በደንብ አላየውም ነበር። ሰኞ ያንን ጋቢና መልሼ ልሰጣት ነበር፣ ደስ ይላታል ብዬ። እግዜር አፌን ጠበቀልኝ።

አሁን የራሊውን ጌም ስከፍት ሰውዬው ያናድደኛል። ገደል ስንገባ ድምፁ አይለወጥም። ዛፍ ስንገጭ ያችን ቁጥሩን እንደጀመረ ይጨርሳል። አይፈራም፣ አይናደድም፣ አፍጥነህብኛል አይልም። እንደዚህ ያለ የጋቢና ሰው የለም። የሠሩት ሰዎች ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው ያውቃሉ? እኔም አላውቅም፣ ዕድሜዬን ሙሉ መሪው ጋ ነኝ። ሐቀኛው ጌም ያልኩት እሱን ነው እንግዲህ።

ሰኞ ጠዋት ሐጂ ጋ ሄድኩ። ቁልፉን አዘጋጅቶ ስኳሩ ላይ አስቀምጦታል።

«ያላ፣ አምጣ።»

«ይቅር» አልኩት።

«አላልኩህም? ሞተሩ አንድ ነገር አለው።»

«ሞተሩ ደህና ነው። ሚስቴ አልፈለገችም።»

«ምን አለችህ?»

«አልነገርኳትም።»

ጢሙን ይዞ አየኝ። «ታዲያ አለመፈለጓን በምን አወቅህ?»

ስኳር የሚጠብቅ ሰው ነበረበት፤ ወጣሁ። ወደቡ ላይ ሽንኩርት ይጠብቀኛል። ብቻዬን ሄድኩ። ከፊቴ ማሽላ የጫነ አንድ መኪና ያዘግማል፣ አቧራው መስታወቴን ሞላው። ከወዲያ የሚመጣ ምንም የለም፣ እስከ ኩርባው ድረስ ወለል ብሎ ይታየኛል። ከኋላዬ ክላክስ ይነፉብኝ ጀመር። በቀኜ ያለውን ባዶ ጋቢና አየሁና እስከ ወደቡ ተከተልኩት።