የአጣቢዋ ሮዝ ቅጂ

የዚያ ዓመት መኸር ጭቃ ብቻ ነበር። ዝናቡ መስከረም ላይ ጀምሮ አላቆም ብሎ፣ በቆሎው ሳይሰበሰብ ኅዳር ገባ። ገበሬው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ሲያይ አንገቱ ሊቀር ምንም አልቀረው። በትንሿ ከተማ በስቶን ፕሬሪ መኪናውም፣ ውሻውም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃም አንድ ቀለም ሆነው ከረሙ። በከተማዋ ኮሌጅ የስፖርት አዳራሽ ምድር ቤት ግን ሁልጊዜም በጋ ነው። አራት የልብስ ማጠቢያና አራት ማድረቂያ ማሽኖች ቀኑን ሙሉ ሲያጓሩ ይውላሉ፤ አርዲስ ሆቭላንድ እጅጌዋን ሰብስባ ከአንዱ ወደ አንዱ ትመላለሳለች። ያኔ ገና አርባ ዓመቷ ነው። ኋላ ያን ወራት ስታስበው አስቀድሞ የሚመጣባት ያ ሙቀት ነበር፤ ማድረቂያው ሲከፈት ፊት ላይ የሚመታው የንጹሕ ፎጣ ሙቀት። ሌላው ሁሉ ከእሱ በኋላ ነው የሚመጣው።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ስፖርተኛ ቁጥር የተጻፈበት፣ መቆለፊያ ያለው የጨርቅ ማሰሪያ ይሰጠዋል። ካልሲውን፣ ቁምጣውን፣ ካናቴራውን ይሰካበትና ቆልፎ ቅርጫት ውስጥ ይጥለዋል። እንደተሰካ ይታጠባል፣ እንደተሰካ ይደርቃል። አርዲስም በመስኮቷ በኩል በየቁጥሩ ትሰቅለዋለች፤ ባለቤቱ እያለፈ ይወስዳል። በዚህ ምክንያት ብዙዎቹን በስም ሳይሆን በቁጥርና በካልሲ ነበር የምታውቃቸው። ማን የካልሲውን ተረከዝ ቶሎ እንደሚጨርስ፣ ማን የእናቱ ናፍቆት እንደያዘው፣ ማን ፍቅር እንደጀመረው ከልብሱ ታውቃለች።

ቁጥር ሃያ ሰባት ትሪና ቤክ ነበረች። አባቷ አሳማ የሚያረባ፣ እሷ ደግሞ አገር አቋራጭ የምትሮጥ፣ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ደረጃውን የሚወርድ ልጅ።

«ሚስ አርዲስ፣ ዛሬ ካልሲዬ እንዴት ነው?»

«ተነስቶ በራሱ ሊሮጥ ሲል ነው በር ላይ የያዝኩት። አንቺ ልጅ፣ ይሄ የአሳማዎቹ ነው ወይስ የእግርሽ?»

«ኧረ አሳማዎቹ ይታጠባሉ!»

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው ለቡድኑ አዲስ ወጌሻ የመጣው። ጋርቪን ይባላል። ስሙ የገነነ፣ ከከንፈሩ ፈገግታ የማይጠፋ ሰው ነው። እሱ እንደመጣ ከስፖርት ዲሬክተሩ ከሚስተር ዴል ኦስግድ ትእዛዝ ወረደ፦ የሴት ሯጮቹ ልብስ በመስኮት መሰጠቱ ይቅርና ታጥቦ ወጌሻው ክፍል ይሰቀል፤ ልጆቹ ሊወስዱ ሲመጡ በዚያው እግራቸውን ያይላቸዋል። አርዲስ ምን ገዷት። ማሰሪያዎቹን ጋሪ ላይ ትጭንና አንድ ጎማው በሚንጫጫው ጋሪ ረጅሙን ኮሪደር ትገፋለች። አሥራ አራት ወር ገፋች።

ያን ጭቃ ወራት ግን የትሪና ሳቅ ደረጃው ላይ ቀረ። አርዲስ መጀመሪያ ጉንፋን መስሏት ነበር። ከዚያ የሌሎቹንም ዓይን ማየት ጀመረች፤ ያበጠ፣ መሬት መሬት የሚያይ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ማጠቢያው ገና ቆሞ ሳያበቃ፣ ትሪና መስኮቱ ላይ መጣች።

«ሚስ አርዲስ፣ የኔን አሁኑኑ ይስጡኝ።»

«ገና እርጥብ ነው፣ የኔ ልጅ። አልደረቀም።»

«እርጥቡን ይስጡኝ። እለብሰዋለሁ።»

«በዚህ ብርድ? አብደሻል? ትንሽ ቆይተሽ ከወጌሻው ክፍል ትወስጂው የለ።»

ልጅቷ የመስኮቱን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች። «እዚያ አይውሰዱብኝ። በሩን ከውስጥ ይቆልፋል።» ከዚያ በላይ ጥቂት ነገር ተናገረች፤ ዝግ ብላ፣ ግድግዳውን እያየች። አርዲስ ያን ቃል በቃል ለማንም ደግማው አታውቅም። እርጥቡን ልብስ ጨምቃ፣ የራሷን ሹራብ ደርባ ሰጠቻት።

በማግስቱ ጋሪው ካለበት አልተነቃነቀም። የሴቶቹን ማሰሪያ ሁሉ እንደ ድሮው መስኮቱ ላይ ሰቀለች። እንዲህ ዘጠኝ ቀን ሆነ። በአሥረኛው ኦስግድ አስጠራት።

«አርዲስ፣ ጋሪሽ ተሰበረ እንዴ?»

«አልተሰበረም፣ ሚስተር ኦስግድ።»

«ታዲያ ልብሱ ምን ሊሠራ መስኮት ላይ ይውላል?»

«ልጆቹ እዚያ ክፍል መሄድ አይፈልጉም። ቆልፎባቸው የማይነካ ገላ ይነካቸዋል። እያለቀሱ ነው የሚወጡት።»

«ወጌሻ ካልነካ ማን ይንካ? እግር ሲታሽ ማንም ያለቅሳል።»

«እግር ሲታሽ የሚለቀሰውን አውቀዋለሁ። ይሄ እሱ አይደለም። አንዷ እርጥብ ልብስ ስጡኝ ብላኛለች፣ እዚያ ላለመሄድ።»

«አንቺ ደግሞ ምን ቤት ነሽ? ሐኪም ነሽ? ካልሲ አጣቢ ነሽ እኮ! ልጆቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለትልቁ ውድድር ይሄዳሉ፤ አንቺ የማጠቢያ ቤት ወሬ ይዘሽ ትመጫለሽ።»

ኦስግድ ክፉ ቃል ሲናገር እንኳ ድምፁ ከፍ የማይል፣ ጠረጴዛው ላይ እርሳሶቹ በቁመት የተሰለፉ ሰው ነበር። ሥርዓት ይወዳል። በዚያ ኮሌጅ ሠራተኛ ሲገሠጽ ጥፋቱም ምክንያቱም ይጻፋል፣ ይፈረምበታል፤ ወረቀቱ ባለ ሦስት ቅጠል ነው። ነጩ ለአለቃው፣ ቢጫው ለሠራተኞች ጉዳይ፣ ሮዙ ለሠራተኛው። ኦስግድ መሳቢያውን ከፈተና ያለችውን አንድም ሳያስቀር፣ በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፉ ጻፈው፦

«ሠራተኛዋ የሴት ሯጮችን ልብስ ወደ ወጌሻው ክፍል አላደርስም ብላለች። ምክንያቷ ወጌሻው በር ቆልፎ ልጆቹን ይነካል፣ ያለቅሳሉም የሚል ነው። ከዚህ በፊት አሥራ አራት ወር ያለ ቅሬታ ስታደርስ ቆይታለች። ተገሥጻ ወደ ምግብ ቤት ተዛውራለች።»

ፈረመ፤ አስፈረማት። ሮዙን ቀዶ ሲሰጣት «ይሄ ያንቺ ነው፤ ሥርዓቱ ነው» አላት።

ከዚያ ወዲያ ድስት አጣቢ ሆነች። ለባሏ ለቨርን ነገረችው። እሱም ሹካውን አስቀምጦ «አርዲ፣ ነግረሻል። ከዚህ በላይ ምን ታደርጊ? በኮሌጁ እንጀራ ነው የምንኖረው» አላት። ሮዙን ወረቀት ከልብስ ስፌት መኪናዋ መሳቢያ ታች፣ ከልብስ ቅዶቹ ሥር አስገባችው። ጋሪውን ሌላ ሰው መግፋት ጀመረ፤ በምግብ ቤቱ በር ሲያልፍ ጎማውን ትሰማው ነበር። ትሪና ለገና በዓል ቤቷ እንደሄደች ሳትመለስ ቀረች።

ሃያ ስድስት ዓመት አለፈ። የስፖርት አዳራሹ ታድሶ «ዴል ኦስግድ አዳራሽ» ተባለ። ጋርቪን በክብር ተሸኝቶ ጡረታ ወጣ። ቨርን ሞተ። አርዲስ ጡረታ ወጥታ ጉልበቷን አስጠግና ሳለ፣ አንድ ረቡዕ ጸጉር ቤት ባገኘችው ጋዜጣ ላይ አሥራ ሁለት ሴቶች ተሰልፈው የተነሡትን ፎቶ አየች። ሦስተኛዋ ጸጉሯ የሸበተ፣ ፊቷ የጠነከረ ቢሆንም አርዲስ በአቋቋሟ ለየቻት። ሃያ ሰባት ናት። ጋርቪን ያደረገባቸውን ተናግረው፣ ኮሌጁም እያወቀ ዝም ብሏል ብለው ከሰዋል። ከሥሩ የኮሌጁ መልስ ነበር፦ ፋይሉ ሁሉ ተገላብጧል፣ በዚያን ዘመን ለማንም ኃላፊ የተነገረ ነገር የለም።

እሑድ በሉተራኖቹ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ከአምልኮ በኋላ ሌላ ወሬ አልነበረም። አርዲስ ሳህን ታጥባለች፤ የሠላሳ ዓመት ወዳጇ ላቮን ታደርቃለች።

«ሃያ ስድስት ዓመት የት ነበሩ? አሁን ምን ታያቸው?» አለች ላቮን።

«ምናልባት ተነግሮ ሰሚ ጠፍቶ ይሆናል።»

«ለማን ተነግሮ? ኮሌጁ እኮ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አላገኘም! ዴል ኦስግድ በዚህ ዕድሜው ስሙ ጭቃ ይግባ? እኔ ውሸታም ናቸው ባይ ነኝ።»

አርዲስ አንድ ሳህን ሁለት ጊዜ አጠበች። ቤቷ ገብታ መሳቢያውን ሳበችው። ወረቀቱ ጠርዙ ነጥቷል እንጂ ጽሑፉ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ካላወጣችው ሴቶቹ ውሸታም ሆነው ይቀራሉ። ካወጣችው ግን ያቺ አሥራ አራት ወር የምትለዋ መስመር አብራ ትወጣለች፤ ልጆቹን ወደዚያ በር የወሰደ ጋሪ በማን እጅ እንደተገፋ አገር ያውቃል። ትሪናም ታውቃለች። አገሩን እንኳ ትችለዋለች፤ የትሪናን ፊት ነው ያልቻለችው። አራት ቀን ወረቀቱን እያወጣች መልሳ ስታስገባ ሰነበተች። በአምስተኛው ወረቀቱን በመዝሙር መጽሐፏ መሃል አድርጋ መኪናዋን አስነሳች።

ትሪና ሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ፣ ማርሎ በምትባል ከተማ የከብት መኖ ትሸጥ ነበር። አርዲስ ስትገባ ጆንያ እያነሳች ነው።

«ምን ልታዘዝ?»

«ሹራቤን አልመለስሽልኝም» አለች አርዲስ። ሌላ ሊል የተዘጋጀው አፏ ይህን አለ።

ትሪና ጆንያውን ጣለችው። «ሚስ አርዲስ?»

«ጋሪውን የምገፋው እኔ ነበርኩ፣ የኔ ልጅ። ይህን በፊትሽ ልናገር ነው የመጣሁት። አሥራ አራት ወር። እዚህ ተጽፏል።» ወረቀቱን ዘረጋችላት።

ትሪና ቆማ አነበበች፤ ደግማ አነበበች፤ ከዚያ ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። «ዘጠኝ ቀን ነበር» አለች። «ዘጠኝ ቀን ጎማው አልተንጫጫም። ልብሳችን መስኮቱ ላይ ተሰቅሎ አገኘነው። ቆጥሬዋለሁ። ኋላ ግን ሰው ሁሉ የለም፣ አልነበረም ሲለኝ፣ እሱንም በሕልሜ ያየሁት መሰለኝ። አንድ ሰው አምኖኝ ነበር ማለት ነው?»

«አምኜሻለሁ። የዘገየሁ ግን ነኝ።»

«እርስዎ ዘጠኝ ቀን ሰጡኝ። እነሱ አንድም ቀን አልሰጡኝም።» ከዚያ በእንባዋ መሃል ድሮ ደረጃ ትወርድ የነበረችው ሳቅ መጣች። «ሹራቡን እናቴ ለውሻ አነጠፈችው፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ሮዙ ወረቀት ኮሌጁ ከውጭ ላስመጣቸው መርማሪዎች ተሰጠ። ነጩና ቢጫው የት እንደገቡ አልታወቀም። መርማሪዎቹ ኦስግድ ቤት ሄደው ሲያሳዩት መነጽሩን አድርጎ፣ ካየው በኋላ «የእጄ ጽሑፍ ነው፤ ሁልጊዜም በሦስት ቅጂ ነበር የምጽፈው» አለ ይባላል። እንዳይክድ፣ የሚወደው ሥርዓት ራሱ ይመሰክርበታል።

በመጋቢት በዚያው አዳራሽ ሕዝብ ተሰበሰበ። አርዲስ ከኋላ፣ በር አጠገብ ልትቀመጥ ስትል ትሪና ክንዷን ይዛ ፊት ወሰደቻት። የኮሌጁ ቦርድ ሰብሳቢ አጭር፣ ድምፃቸው የሻከረ ሴት ነበሩ። ከጠበቃቸው ያገኙትን ጽሑፍ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ማንም አልነገረንም ብለናል። ዋሽተናል» አሉ። «ተነግሮን ነበር። የነገረችን ልብስ አጣቢያችን አርዲስ ሆቭላንድ ናት። እኛ የሰማነውን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለን፣ እሷን ቀጣን፣ ሰውየውን አቆየነው። እሷ ከነገረችን በኋላ ለተጎዱት ሁሉ ተጠያቂው ይህ ኮሌጅ ነው።» ወረቀቱን ቃል በቃል አነበቡት። የአሥራ አራቱን ወር መስመር ሲያነቡ አርዲስ ዓይኗን ጨፈነች። የትሪና እጅ ግን ከእጇ አልወጣም።

ጋርቪን በዚያው ወር ተያዘ፤ ኋላም ፍርዱን አገኘ። ፋይል ተገላብጧል ያሉት ሦስት ኃላፊዎች ከሥልጣናቸው ወረዱ። የኦስግድ ስም ከአዳራሹ ተነቀለ። ከዚያ ወዲህ ቅሬታ የሚቀበሉት ኮሌጁ የማያዛቸው የውጭ ሰዎች ናቸው፤ ልብስም የሚሰጠው በመስኮት ብቻ ነው።

በስቶን ፕሬሪ ሰው ይቅርታ በአፉ አይልም። ምግብ ሠርቶ ደጅ ያስቀምጣል፤ ድስቱ እንዳይጠፋበት ግን ስሙን በፕላስተር ጽፎ ከሥሩ ይለጥፋል። በዚያ ሳምንት የአርዲስ በረንዳ ላይ እግር ማሳረፊያ ጠፋ። ድንች በሥጋ፣ ሩዝ በዶሮ፣ የሎሚ ኬክ። እያንዳንዱን እየገለበጠች ስሙን ታነባለች፣ እየሳቀች። ቅዳሜ ጠዋት አንዱን ስትገለብጥ ላቮን ሆነች። ስልክ አነሳች።

«ላቮን፣ ጨው አንሶታል።»

«ሁልጊዜም ያንሰዋል፤ ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?» አለች ላቮን።

«ነግሬሽ ነበር። አልሰማሽም።»

ሁለቱም ሳቁ። ያን ሌሊት አርዲስ ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጋሪ ጎማ ሳትሰማ እስኪነጋ ተኛች።

ቤቷን በበጋው ሸጠች። እስካለፈው ፋሲካ እንደተሰማው፣ አርዲስ ሆቭላንድ የምትኖረው ማርሎ፣ ከእህል ጎተራው ፊት ለፊት ባለው የአዛውንቶች መኖሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ቁጥር አሥራ አራት ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በትሪና መኖ መሸጫ ትገኛለች።