የካሳ ላም በደጅይጥኑ በረት

ደጅይጥኑን ክፉ ሴት ናት ይሏታል። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ዳገቱ ላይ ባለችው መንደር ስሟ ሲነሣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ወንዶቹም ወሬውን ወደ ዝናብ ያዞሩታል። ከድርቁ ዓመት ወዲህ ከብት አምኖ የሰጣት ሰው የለም። ክፉ መሆኗስ እውነት ነው። ግን ክፋት እንዲያው ከሜዳ አይበቅልም፤ የሚዘራው አለ። በሷ ላይ የዘራው ካሳ ነው።

ካሳ የመንደሩ ጭቃ ሹም ነበር። በሕይወት ሳለ አንቱ ያላለው አፍ አልነበረም። እዚህ ግን አንቱታው ይቅርበት፤ በልቶ ጠግቦታል።

ደጅይጥኑ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ዳገት ላይ ነው። ስሟን ያወጡላት አባቷ አንድ ቀን ሰው የሷን ደጅ ሲጠና ታይቷቸው ይሆናል፤ እድሜዋን ሙሉ የሰው ደጅ ስትጠና የኖረችው ግን እሷው ናት። ልጅ ሳለች ሰቆጣ ወርዳ ሐሊሜ የሚባሉ የነጋዴ ሚስት ቤት ውሃ ትቀዳ ጀመር። ሐሊሜ ሙስሊም ናቸው፣ እሷ ክርስቲያን፤ ሥጋቸውን ሳትቀምስ፣ ሽሮዋን በራሷ ድስት እያበሰለች ዓመታት ኖረችላቸው። እቤቷ ከኽምጣንጋ በቀር ሌላ ቋንቋ አይነገርም ነበርና አማርኛን የለመደችው ከሐሊሜ ነው። የነጋዴን ነገርም የለመደችው ከእሳቸው ነው። ገበያተኛ ዋጋ ቆርጦ ሲመለስና ሲያንገራግር፣ "ከአፍ የወጣ ቃል የተሸጠ ዕቃ ነው፤ መልሱልኝ አይባልም" ይሉ ነበር ሐሊሜ።

ከዚያ ገብረ ኪዳን አገባት። መሬቱ ድንጋይ፣ በሬው የሰው፣ ጠባዩ ግን ደኅና ነበር። ወደ ተከዜ በረሃ ለማሽላ አጨዳ ወርዶ ንዳድ ይዞት መጣና ሳይሰነብት አረፈ። ልጆቹን ትቶላት ሄደ። ስንት ናቸው ተብሎ አይጠየቅም፤ በዚያ አገር ልጅና ከብት አይቆጠርም፣ የቆጠሩት ይጎድላል ይባላል። የመጨረሻው ግን ምትኩ ነው፤ ከሱ በፊት በሞተው ልጅ ምትክ የመጣ፣ ከሁሉም የከሳ።

ካሳ ብቅ ያለው ከተዝካሩ በኋላ ነው። "አይዞሽ፣ እኔ እያለሁ ልጆችሽ አይራቡም" አለና አንዲት ቦራ ላም በርቢ ሰጣት። ርቢ ማለት ላም ያለው ለሌለው ይሰጣል፣ ወተቱ የጠባቂው ነው፣ ጥጃው እኩል ነው፣ ላሚቱ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ የባለቤቷ ናት። ከሞተች ጠባቂው ቆዳዋን ገፎ ለባለቤቷ ያሳያል፤ ቆዳ ያላሳየ ሰው አርዶ በልቷል ነው የሚባል። ከብት ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ እንደ ካሳ ያደረገው ግን የለም። ከብቱን በየዳገቱ፣ በየሸለቆው፣ እስከ ሰሃላ ድረስ በትኖ የራሱ በረት ውስጥ አንድ ጥጃ እንኳ አያድርም ነበር። ሣሩን የሚያጭደው ሌላ፣ አዛባውን የሚዝቀው ሌላ፣ ቅቤው ግን በዓል በመጣ ቁጥር ወደሱ ቤት ይሄድ ነበር።

ላሚቱ ጊደር ጥጃ ወለደች። ካሳ መጥቶ "የመጀመሪያዋ የባለቤት ናት፣ ሁለተኛዋን ትወስጃለሽ" ብሎ ነዳት። ሁለተኛዋ ስትመጣ "ይህች ለዘር ትሆነኛለች፣ ሦስተኛዋን ውሰጂ" አለ። ደጅይጥኑ ሽማግሌ ፊት ቀረበች። ሽማግሎቹ የካሳን ጠላ እየጠጡ ሰሟት። ትልቅየው አባ ገብረ አምላክ አፋቸውን ጠርገው "ልጄ፣ ታገሺ" አሏት።

"ትዕግሥት ጥጃ ትወልዳለች?" አለች እሷ።

ይህን በማለቷ ነው ካሳ ቂም የያዘባት። ጥጃ መቀማቱን ሁሉም ያውቃል፤ በጠላው ፊት መዋረዱን ግን ይቅር አላላትም።

በስልሳ አራት ዝናቡ አነሰ። በስልሳ አምስት ጭራሽ ቀረ። ሣሩ አለቀ፣ ከዚያ ቁልቋሉ አለቀ። የላሚቱ ወተት ከነጠፈ ቆይቷል፤ አሁን ከአፍና ከአጥንት በቀር ምንም አልነበራት። ደጅይጥኑ የቤቷን ክዳን እየመዘዘች አበላቻት። የልጆቿን ጣራ ለካሳ ላም አበላች። ለምን ቢሏት፣ ከሞተች አርደሽ በላሽ እባላለሁ፣ ቆዳዋን ተሸክሜ ደጁ እቆማለሁ ብላ ነው። በጣራው ቀዳዳ ሰማዩ ይታያት ነበር፤ ደመና ግን አልነበረበትም።

ምትኩ መራመድ ተወ። ቀድሞ ግድግዳ ይዞ ይሄድ የነበረው ልጅ ቁጭ እንዳለ ዝንብ እንኳ እሽ የማይል ሆነ።

ያን ጊዜ ሰቆጣ የመንግሥት እርዳታ ገባ ተባለ። ሕፃናት ላሉት፣ ከብትም እህልም ለሌለው ቤተሰብ በየወሩ ስንዴ ይሰፈርለታል፣ ለልጆቹም ፋፋ ዱቄት ይሰጣል። ላም ወይም በሬ ያለው ግን ሀብታም ነውና አያገኝም። ደንቡን ያወጣው ሰው ክፉ አልነበረ ይሆናል። ከሩቅ ለሚያያት ሰው ላም ወተት ናት፤ ክዳኗን ላበላች ሴት ግን ሌላ የሚበላ አፍ ነበረች። ይህን የሚያውቅ ማንም ወደ ደንቡ አልተጠራም።

አንድ ጸሐፊ በበቅሎ ተቀምጦ መንደር ለመንደር እየዞረ ማን ድኻ እንደሆነ ያይ ጀመር። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ፀሐዩ ያማረረው ልጅ ነው። መንገድ የሚመራውና ስለ ሰዉ የሚመሰክርለት ማን ይሁን? ካሳ ነዋ፤ ጭቃ ሹሙ።

ካሳ ጸሐፊው ከመምጣቱ በፊት ላመናቸው ሰዎች ቃል ላከ፣ ከብቱን ሁሉ ወደ ገደሉ ሥር አውርዱ ብሎ። ተስፋው የያዘውን በሬ አወረደ፣ ጥሩሐረግም የያዘቻትን ላም። ለደጅይጥኑ የነገራት የለም። ስለዚህ በዚያ ቀን በመንደሩ በረት ታስራ የተገኘች ከብት እሷ ጋር ያለችው ቦራ ብቻ ነበረች።

መጀመሪያ የካሳን ቤት አዩ። በረቱ ባዶ ነው፣ ተጠርጓል። ካሳ የተቀደደ ጋቢ ደርቦ ልጆቹን በደጁ አስቆሟቸዋል፤ ልጅ አይቆጠርም ያለው ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ካሳ አንድ በአንድ ሲያስቆጥር አየው። ጸሐፊውም አዘነለትና ስንዴ ፈቀደለት። ቀጥለው ወደ ደጅይጥኑ ወጡ፤ መንደርተኛውም ተከትሎ።

"ይህች የማን ናት?" አለ ጸሐፊው፣ ላሚቱን በብዕሩ እያመለከተ።

"የአያ ካሳ ናት ጌታዬ። በርቢ ነው የያዝኋት።"

"ርቢ ደግሞ ምንድን ነው?" ጸሐፊው ወደ ካሳ ዞረ።

ካሳ ሳቅ አለ። "የድኻ ዘዴ ነው ጌታው። እህል መጣ ሲባል ላሙ ሁሉ የሰው ይሆናል። እኔ ላም ቢኖረኝ እነዚያን ልጆች ይዤ ደጅ እቆም ነበር?"

ጸሐፊው ሰዉን አየ። "እናንተስ ምን ትላላችሁ?"

ተስፋው መሬት መሬት አየ። ጥሩሐረግ የልጇን አፍንጫ ጠረገች። የገደሉ ሥር ከብት ምስጢር በሁሉም ሆድ ውስጥ ነበር፤ አንዱ እውነት ከተናገረ የሁሉም ይወጣልና ዝም አሉ። ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው፤ ሲጠግብ አብሮ ይበላል፣ ሲቸግር ጫማውን ያያል፣ ጫማ ባይኖረውም።

ደጅይጥኑ ምትኩን ከጀርባዋ አውርዳ ካሳ ፊት አቆመችው። አልቆመላትም፤ ተቀመጠ። "አያ ካሳ፣ ያዩታል። ስለ ጥጃው ያልሁትን ይተዉልኝ፣ አጥፍቻለሁ። ስለዚህ ልጅ ብለው የኔ ናት ይበሉልኝ።"

ካሳ ጎንበስ ብሎ፣ ጸሐፊው እንዳይሰማ በኽምጣንጋ፣ "ጥጃ የምትወልደዋ ትዕግሥት የታለች?" አላት።

ልመናዋ እዚያ ላይ አለቀ። ከዚያ በኋላ የነበረው ንዴት ነው። ጸሐፊው እንዲሰማ በአማርኛ "እንግዲያው ይማሉልኝ" አለች።

ጸሐፊው ሰዓቱን አየ። "ይማሉላትና እንሂድ።"

ካሳ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረ። "ይህች ላም የኔ ከሆነች ሚካኤል ይፍረድብኝ። የሷ ናት።"

"የኔ ናት? ዛሬም፣ ነገም?"

"ያንቺ ናት አልሁሽ። ዛሬም ነገም።"

"ተስፋው፣ ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ" አለ ተስፋው፣ ቀና ሳይል።

"አንቺስ፣ ጥሩሐረግ?"

"ሰማሁ።" አልሰማሁም ሊሉ አይችሉም ነበር፤ መሐላው ፊታቸው ላይ ነው የተማለው። ጸሐፊውም ላም ያላት ናት ብሎ ጽፎ በቅሎው ላይ ተፈናጠጠ።

በማግስቱ ገበያ ነበር። ደጅይጥኑ ምትኩን አዝላ ላሚቱን እየጎተተች ሰቆጣ ወረደች። ላሚቱ ስትወድቅ እያነሣች፣ ስትቆም እየገፋች፣ እየሰደበቻት። ለካሳ የሚገባውን ስድብ ሁሉ ለላሚቱ ሰጠቻት።

የሐሊሜ ልጅ ዓብዱልቃድር የከብት ነጋዴ ሆኗል። የላሚቱን ጆሮ ገልጦ አየና እጁን ሰበሰበ። "ይህ የጆሮ ቁርጥ የካሳ ምልክት ነው። በሰው ከብት አታስገቢኝ።"

"ትናንት የኔ ናት ብለው ማሉ።"

"በምን?"

"በሚካኤል። መንደሩ ሁሉ ቆሞ፣ የመንግሥት ሰውም ቆሞ። ከጠየቅህ ምስክሮቼ አሉ።"

ዓብዱልቃድር ጥቂት አሰበና ማሽላ ሰፈረላት። በደኅናው ዘመን በዚያ ማሽላ ፍየል አይገዛም፤ በዚያ ዓመት ግን ገበያው አጥንት ብቻ በቀረው ከብት ተጥለቅልቆ ነበር። አላመሰገነችውም። በረኃብ ዋጋ የሚገዛ ሰው አይመሰገንም፣ የድሮ ጌታህ ልጅ ቢሆንም። አሮጊቷ ሐሊሜ ከጓዳ ምስር ጨምረው በነጠላዋ ጫፍ ቋጠሩላት፤ እሳቸውን እጃቸውን ስማ ወጣች። ላሚቱም ወደ ወልድያ ከሚነዳው መንጋ ጋር ሄደች።

ካሳ ወሬውን ሲሰማ ጮኸ ይባላል። ከዚያ ግን ቁጭ ብሎ አሰበ። ፖሊስ ዘንድ ሄዶ ላሜን ሸጠችብኝ ቢል፣ ላም ነበረህ ወይ ይባላል፤ ከዚያ ስንዴው ይነሣል፣ ገደሉ ሥር ያለውም ይወጣል። ስለዚህ ፖሊሱን ተወና ሽማግሌ ሰብስቦ ወደ ደጅይጥኑ ወጣ። ሽማግሌ የሰበሰበው ግን ቀስ ብሎ ነው፤ እስኪመጣ ድረስ ማሽላው ተጋምሶ ነበር።

ደጃፏ ላይ ቆሙ። ግቡ አላለቻቸውም።

አባ ገብረ አምላክ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ ደጅይጥኑ፣ የሰው ገንዘብ በሰው እጅ..."

"አባ፣ ይታገሡ" አለቻቸው።

ካሳ በትሩን መሬት ላይ መታ። "ላሜን የት አደረስሻት?"

"የማንን ላም?"

ተስፋው ከሽማግሎቹ ኋላ ቆሞ ነበር፤ ካሳ ዞር ብሎ አየው። ጥሩሐረግም በአጥሯ ላይ አንገቷን አውጥታ ታያለች። መሐላውን የሰማ ሁሉ እዚያ ነበር።

"ያቺን ላም" አለ ካሳ።

"ላሜን ሸጥኋት። አያ ካሳ ያንቺ ናት ብለው ምለውልኛል፣ ዛሬም ነገም። እርስዎን በሐሰት ማሉ ብዬ ላሳጣዎት?"

"ከዚህ አገር አስነቅልሻለሁ።"

"ይንቀሉ። ጣራዬን ላሚቱ በልታዋለች፤ የሚቀረው ድንጋዩ ነው።"

ካሳ ያለ ምንም ነገር ዳገቱን መውረድ አልሆነለትም፤ ሰዉ ያየዋል። ስለዚህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ርቢው ደንብ ተጠጋ። "እሺ፣ ሞተች እንበል። እንግዲያው ቆዳዋን አሳይኝ። የርቢ ወግ ነው። ቆዳዋን አይቼ ልሂድ።"

ደጅይጥኑ ወደ ውስጥ ገባች። ስትመለስ ምትኩን በክንዱ ይዛ ነው። ልጁ ግድግዳውን ይዞ ወጣ፣ ከዚያ ግድግዳውን ለቀቀና በራሱ እግር ደጃፉ ላይ ቆመ። ጉንጩ ላይ ትንሽ ሥጋ ወጥቶበታል። እሷም እጁን አነሣችና በካሳ ፊት የክንዱን ቆዳ በጣቶቿ ቆንጠጥ አድርጋ ያዘች።

"ይኸው ቆዳዋ፣ አያ ካሳ" አለች። "እሱ ለብሶታል። የርስዎ ከሆነ ይግፈፉት።"

አባ ገብረ አምላክ አማተቡና ቀድመው ወረዱ። ሌሎቹ ተከተሏቸው። ካሳ ከሁሉም ኋላ ትንሽ ቆሞ ልጁን አየው፤ ከዚያ በትሩን አንሥቶ ሄደ።