ርክክቤ አላለቀም

ፈታሾች ከአውቶቡስ ያወረዱን አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ፣ ተሳፋሪው ምሳውን በልቶ ወደ መቀመጫው ሲመለስ ነው። እኔና ጓደኛዬ የነርስነት ትምህርታችንን ጨርሰን፣ አዲስ አበባ ቤተሰብ ጠይቀን፣ ለሙያ ፈቃድ ፈተና ወደ ሰመራ እየተመለስን ነበር። በጓደኛዬ ስልክ ውስጥ የተቃውሞ ሰልፍ ፎቶ ተገኘ። የእኔ ጥፋት ደግሞ ከማጥኛ ወረቀቴ ጥግ ላይ በእጄ የጫርኩት ነው፤ «መረጃውን ለማን? መቼ? በምን መንገድ?»

መርማሪው ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ለማን ነው የምታስተላልፊው?»

«ለተረኛዋ ነርስ።»

«የምን ተረኛ? ማን ነው የላከሽ?»

ፈተናው ውስጥ የሕሙማንን እንክብካቤ ስለ ማቀናጀት የሚጠይቅ ክፍል እንዳለ፣ አንዷ ነርስ ከሥራ ስትወጣ በሽተኞቿን ለቀጣይዋ እንዴት እንደምታስረክብ እንደምንጠየቅ ላስረዳው ሞከርኩ። ባስረዳሁት ቁጥር ይበልጥ ጠረጠረኝ። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል።

ያስገቡን ከከተማው ወጣ ያለ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለን ሙቀቱ ነበር፤ ቀጥሎ የላብና ጀሪካን ውስጥ የሰነበተ ውኃ ሽታ። ግድግዳው በእጅ አይነካም። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልን።

«ግቡ ልጆቼ፣ አብሽሩ፣ አላህ አለ» አሉን አንዲት ጠና ያሉ የወሎ ሴት። በጂቡቲ መንገድ ላይ ባለችው ዲቾቶ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ሻይ ቤት አላቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። አጠገባቸው የተቀመጠችው የአፋር ሴት፣ የፍየል ነጋዴ ናት፣ ከሻሿ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ተምር ሰጠችን። እስር ቤት እንግዳ ይስተናገዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እትዬ ስኳር አለባቸው። መርፌያቸው ጠባቂዎቹ ክፍል ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥና ጠዋትና ማታ ተረኛው ያመጣላቸዋል፤ የሚወጉት ራሳቸው ናቸው። ጣጣው ተረኛው መቀያየሩ ነበር። አንዱ ቃል ገብቶ ይሄዳል፣ የሚተካው «አልተነገረኝም» ይላል።

እኔና ጓደኛዬ ቀኑን የምንገፋው ያጠናነውን እየተጠያየቅን ነበር። «አራት በሽተኞች አሉሽ፤ ማንን ታስቀድሚያለሽ?» ስላት፣ እትዬ ከጥግ ሆነው «እኔን! ቁርስ ከመጣ እኔን አስቀድሙኝ» ይሉና ያስቁናል።

አንድ ጠዋት መርፌያቸውን ተወጉ። ቁርሱ ሳይመጣ ጠባቂው ተቀየረ፤ አዲሱም የበላን መስሎት ምግቡን ወደ ወንዶቹ ክፍል አሳለፈው። ቆርቆሮው መጋል ሲጀምር እትዬ ወደ ጓደኛዬ ዞረው፣

«አንቺ ልጅ፣ ለሾፌሩ ሻይ አድርሺለት እንጂ! መኪናውን አስነሥቷል እኮ!» አሏት።

ሁላችንም ሳቅን። ጨዋታ አዋቂ ስለሆኑ የቀለዱ መሰለን። ጓደኛዬም «እሺ እትዬ፣ ስኳር ስንት ይሁንለት?» ብላ እጃቸውን ያዘች። ሳቋ እዚያው ቀረ። በላብ መዘፈቃቸውስ ሁላችንም እንደዚያው ነበርን። እጃቸው ግን በዚያ እቶን ውስጥ ይቀዘቅዝ ነበር።

«ስኳራቸው ወርዷል!» አለች።

የአፋሯ ሴት የቀራትን ተምር ዘረገፈችው። ፍሬውን አውጥተን፣ በውኃ አላቁጠን፣ እየዋጡ መሆናቸውን እያየን በትንሽ በትንሹ አጎረስናቸው። ከቆይታ በኋላ ዐይናቸው ጠራ። «ምን ሆናችሁ ነው የከበባችሁኝ?» ሲሉ ጓደኛዬ አለቀሰች።

እኔ በሩን እየደበደብኩ መጮህ ያዝኩ። የአፋሯ ሴት ቀሚሴን ጎትታ አስቀመጠችኝ።

«ጠባቂው ጩኸትሽን ሰምቶ ለሚተካው ምን ብሎ ይንገር? ዳጉ አድርጊ።»

ዳጉ የአፋሮች የወሬ ሥርዓት ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ አረፍ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ የሰማ ሰው ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ማድረስ አለበት። ከጠባቂዎቹ አንዱ የአፋር ልጅ ነበር። ተራው ሲደርስ በሩ ሥር ተቀምጣ በቋንቋቸው ጠራችው። መሣሪያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቁጢጥ አለ። እኛ እንነግራታለን፣ እሷ ታቀብለዋለች፤ መጀመሪያ ምግቡ መድረሱ ይታይ፣ ከዚያ መርፌው ይምጣ፤ ካላባቸውና ንግግራቸው ከተምታታ ጣፋጭ ይሰጣቸው። ሰምቶ ሲጨርስ ሁሉንም መልሶ ነገራት። ከዚያ «ሌላስ?» አለ በአማርኛ፣ ወደ እኛ እያየ።

ከዚያ ወዲህ ተረኛ ሲቀየር ድምፁን ከውጭ እንሰማው ነበር። «መጀመሪያ ምግብ፣ ከዚያ መርፌ። በል ድገመው» ይለዋል ከደጋ የመጣውን ባልደረባውን። ያም «አስተማሪ ሆንክብኝ እኮ» እያለ ይደግማል።

«ይሄ ልጅ ፈተናውን ያልፋል» አለችኝ ጓደኛዬ።

እኛም እትዬን በተራ መጠበቅ ጀመርን። አንድ ረፋድ ላይ፣ በእኔ ተራ፣ ስሜ ተጠራ። «ተለቀሻል፣ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ! ወደ ሰመራ የሚሄደው መኪና እየጠበቀ ነው።» ጓደኛዬ አልተጠራችም። ፈተናው ገና አላመለጠኝም ነበር። እግሬ ወደ በሩ ሊሮጥ ቃጣው።

«ርክክቤ አላለቀም» አልኩ።

«መኪናው ጥሎሽ ይሄዳል!»

«ይሂድ።» የአፋሩ ጠባቂ ስሜን ለጠራው ሰው «ትጨርስ» አለው።

ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። «ታማሚዋ የስኳር በሽታ ያለባቸው...»

«ቆይ» አሉ እትዬ። ከተጋደሙበት ቀና ብለው ሻሻቸውን አስተካከሉ። «የዲቾቶ ሻይ ቤት ባለቤት በይ እንጂ። ታማሚ ብቻ አርገሽ ታስረክቢኛለሽ?»

ከተያዝን ጀምሮ እስከዚያች ቀን ለያዙን ሰዎች «አንቺ» እና «እናንተ» ብቻ ነበርን። እንደገና ጀመርኩ። «እትዬ፣ የዲቾቶ ሻይ ቤት ባለቤት። ስኳር አለባቸው። ዛሬ ቁርሳቸው መጣ፤ መርፌያቸውን ተወግተው በሉ።» ጓደኛዬ እንባዋን እየዋጠች ደገመችው። ጠባቂው ከበሩ ላይ «ሌላስ?» አለ። ሌላ አልነበረም። ወጣሁ።

ፈተናውን ደርሼ አለፍኩ። ጓደኛዬ በሚቀጥለው ዙር አለፈች። እትዬም በሰላም ወጥተው ይኸው ዲቾቶ ላይ ሾፌሮቻቸውን ይቆጣሉ። ያለ ጥፋቴ መታሰሬ ዛሬም ያናድደኛል። ነገር ግን ያን መጋዘን ሳስታውስ ቀድመው የሚመጡልኝ እነዚያ ሰዎች ናቸው፤ አመሰግናቸዋለሁ።

አሁን ሰመራ ነው የምሠራው። አዳዲሶቹ ነርሶች «አልጋ አራት፣ ስኳር» ብለው ርክክብ ሲጀምሩ አስቆማቸዋለሁ። «ማን ናቸው?» እላለሁ። ይስቁብኛል። በቀደም አንዷ እየሣቀች ወደ አልጋው ዞራ «አባባ፣ ሥራዎ ምን ነበር?» አለቻቸው። ሽማግሌው ከትራሱ ቀና አሉ፤ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

«የባቡር ሰው ነኝ» አሉ። «አዋሽ ጣቢያ።»